በቀበሌ ስብሰባ የተነገረው ምክር ቤት ሳይደርስ የት ይቀራል?

ጸሐፊው (ደብረ ማርቆስ)
ጥር 19

ሰላም ለሁላችሁ። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ በግብርና ባለሙያነት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሥራውን ትቼ ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ከምንም በላይ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ነው። ዛሬ ስለ አንዱ ልንገራችሁ፤ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል።

ሰኔ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ገበሬ እንዲህ ያለውን ቀን በስለት ነው የሚያገኘው። እኛ ግን በዚያው ቀን በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛው ግቢ ስብሰባ ጠርተናል። አጀንዳው ስንዴን በኩታ ገጠም፣ ማለትም ጎን ለጎን ባሉ ማሳዎች ላይ አንድ ላይ ስለ መዝራት ነው። ሰዉ በሬውን ፈትቶ፣ እግሩ ጭቃ እንደለበሰ መጣ። ከወረዳ የመጣው አወያይ ሰነዱን አንድ ሰዓት ያህል አነበበ። «አስተያየት ያለው» ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና በጨርቅ ቋጥረው ያመጡትን አፈር ፈትተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰነዱ አጠገብ አፈሰሱት።

«ይህ የማሳዬ አፈር ነው» አሉ። «አባቴ ገብስ ያፍስበት ነበር። አሁን ኮምጥጧል። ማዳበሪያውን ይበላና ቡቃያውን ቢጫ አድርጎ ያስቀረዋል። ስንዴ ዝሩ ብላችኋል። ኖራው መቼ ነው የሚመጣ? ኖራው ካልመጣ የማዳበሪያውን ዕዳ ማን ይከፍላል?»

ከኋላ «እውነት ነው!» የሚል ድምፅ ከአንድም ሦስት ቦታ ተሰማ። አወያዩ «በሂደት የሚፈታ ነው» ብሎ አለፈው። እኔም በደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከአፈር ለምነት ጋር በተያያዘ ለተነሡ አስተያየቶች ማብራሪያ ተሰጥቶ፣ ተሳታፊዎች በዕቅዱ ላይ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል።» 87 ሰው ፈረመ። ሽማግሌውም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ያ ወረቀት ወረዳ ገባ። ወረዳው ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር ደምሮ «በየቀበሌው ውይይት ተካሂዶ የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» ብሎ ለዞን ጻፈ፤ ዞኑ ለክልል፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ወጣ። በጨርቅ ተቋጥሮ የመጣው አፈር የቀረው እኔ ደብተር ላይ ነው። አሁን አስቡት፤ አንድ የሕዝብ ተወካይ ስለ አሲዳማ አፈር ሚኒስትሩን ልጠይቅ ቢል በእጁ ያለው ምንድን ነው? «መግባባት ላይ ተደርሷል» የሚል ወረቀት። ሕዝቡ ተስማምቶበታል የተባለውን ነገር ተወካዩ በምን አፉ ይሞግታል?

የሽማግሌው ንግግር እንደ ተራ ቅሬታ የሚታይ አልነበረም። ከሀገራችን የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጎዳ ነው ይባላል፤ የጎጃም ደጋ ደግሞ ከክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። አፈር ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አንቆ ይይዘዋል። ገበሬው በዱቤ ወስዶ የበተነው ማዳበሪያ ሥር ሳይደርስ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ሳይቀድም ማዳበሪያ ማከፋፈል ገንዘብ መቅበር ነው። በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ኖራ የሚጠይቅ ማሳ ብዙ ነው፤ ይህን ከአስፋልቱ ዳር እስከ ማሳው የሚያደርሰው ማን ነው? እኒያ ሰው በሁለት ደቂቃ የጠየቁት ይህንን ሁሉ ነው። አንድ ቋሚ ኮሚቴ የግብርና ፖሊሲን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ያገኛል?

በየአካባቢያችሁ እንዴት ነው? በስብሰባ የተነገረ ነገር እስከ ምክር ቤት ደርሶ፣ ተጠይቆበት፣ መልስ ሲመጣ ያየ ሰው ካለ ቢነግረን ደስ ይለኛል።


መምህር ከቢቸና
ጥር 19

ወንድሜ፣ በግልጽ ስለ ጻፍከው አመሰግንሃለሁ። የታሪክ መምህር ነኝና ወደ 1960 ዓ.ም. ልመልሳችሁ፤ ጉዳዩ የተጀመረው ዛሬ አይደለም።

በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በምክር ቤት አልተመረመረም ማለት አይቻልም። ተከራክረውበታል፣ ብዙ አንቀጽም ለውጠውበታል። ግን የተከራከሩት በአመዛኙ ባለርስቶችና ባለጉልቶች ስለ ራሳቸው ጥቅም ነበር። የሞጣንና የቢቸናን፣ የዳሞትን ገበሬ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው አልነበረም። ገማቾች ወደ ገጠር ሲወጡ ሕዝቡ አላስገባም አለ፤ ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፤ ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የተጠራቀመው የግብር ውዝፍም ተማረ።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ። አዋጁ አሥራትን የሚያስቀር ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለድሃው ገበሬ ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም የሚሉ አሉ። ገበሬው የፈራው ግን የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ልኬታውን ነው። መሬቱ ከተለካ ርስቱ ቃላድ (በገመድ የተለካ መሬት) ይሆናል፣ ቃላድ ከሆነ ይወሰዳል ብሎ ነው የፈራው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ባሉት ዓመታትም በዚሁ ስጋት ለካዮችን መልሷል። ከነገሩ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ ኖሮ ይህን በአንድ ከሰዓት ይሰማው ነበር። ምክር ቤቱ ስለ ግብሩ ምጣኔ ሲከራከር ከረመ፤ ሕዝቡ የተጨነቀው ስለ ገመዱ ነው። ሳይጠይቁ መመርመር እንዲህ ያለ ስሕተት ላይ ይጥላል። የሚመረመረው ነገር ሌላ፣ የሚያመው ቦታ ሌላ።


የመራዊ ልጅ
ጥር 20

ሁለታችሁንም አከብራለሁ። እኔ ግን በዚህ ነገር ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ምክንያቴን ልናገር።

በ2015 ማዳበሪያ ሲጠፋ ገበሬ እስከ ባሕር ዳር ሄዶ ሰልፍ ወጥቷል። ያን ጊዜ ያልተነገረ ነገር አለ? የበቆሎ መዝሪያው እያለፈ፣ ሰው ሌሊቱን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጅ እያደረ፣ አንዱ ኩንታል በጓሮ በር በእጥፍ ሲሸጥ ሁሉም ያያል። ይህን ለማወቅ የምክክር መድረክ አያስፈልግም። የጎደለው ጆሮ ነው።

የሚሠራ ስብሰባ አላየሁም አልልም። በእኛ በኩል ቆጋ አለ፤ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ መስኖ ነው። የውሃ ተጠቃሚዎች ስብሰባ ሲጠራ ሰው ሳይጎተት ይመጣል። ተራ አጓደልክ፣ ቦይ አልጠረግህም፣ የላይኛው ሰው በሌሊት ውሃ ሰበረ እየተባለ ይጮኻል። ለምን ይመጣል? ዛሬ የተናገረውን በሦስተኛው ቀን ማሳው ላይ ስለሚያየው። የመንግሥት ውይይት የሚባለው ግን ከንፈር ማድረቂያ ነው። ሰነዱ አልቆ፣ ታትሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ይመጣና «ሐሳብ ስጡበት» ይባላል። ያለቀ እንጀራ ላይ ምን ውሃ ይጨመራል?


ጸሐፊው (ደብረ ማርቆስ)
ጥር 20

የመራዊው ወንድሜ፣ ስለ ማዳበሪያው ያልከው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። የማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰበው ከቀበሌ ነው። ባለሙያው ቤት ለቤት ዞሮ «ስንት ዩሪያ፣ ስንት ኤንፒኤስ?» ብሎ ይመዘግባል። ያ ቁጥር በወረዳ፣ በዞን፣ በክልል እየተደመረ ወደ ፌዴራል ይወጣል፤ ግዢው የሚፈጸመው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ገበሬው ስብሰባ ነው ብሎ አያስበውም እንጂ ዋናው ምክክር እሱ ነበር። እኔ በሠራሁበት ቦታ የተመዘገበው ቁጥር ሲመለስ ሌላ ቁጥር ሆኖ ነው የሚመጣው። «ካለፈው ዓመት ጋር ይመጣጠን» ይባልና ይቆረጣል። የመጀመሪያው ቁጥር የትም አይቀመጥም። ሰኔ ላይ እጥረት ሲፈጠር «ፍላጎቱ ከዕቅዱ በላይ ሆነ» ይባላል። የገበሬው ፍላጎት ሳይለወጥ ዕቅዱ ከፍላጎቱ በታች እንደ ተጻፈ ማስረጃ የለም። ያ የቀበሌ መዝገብ በአንድ ተወካይ እጅ ቢኖር ጥያቄው ራሱን ይጠይቃል።


የጎዛምን ሴት
ጥር 22

ወንድሞቼ፣ እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ስለ አባወራ ነው። ስብሰባ ሲጠራ የሚባለው ራሱ «ከየቤቱ አንድ ሰው» ነው፤ ያ አንድ ሰው ማን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

እናቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ መሬቷን የእኩል ታሳርሳለች። ሴት ሞፈር ስለማትይዝ ሌላ ምርጫ የላትም። አራሹ ግማሹን ይወስዳል። በእኛም ቀበሌ እንደዚሁ ኩታ ገጠም ሲወሰን በስብሰባው የተገኘው አራሹ ነው፤ ስለ እናቴ መሬት የተናገረውም፣ የፈረመውም እሱ ነው። እሷ የሰማችው ባቄላዋን ልትዘራ ባሰበችበት ቁራሽ ላይ ስንዴ ሊዘራ እንደሆነ ሲነገራት ነው። ባቄላው ለሽሮ ነበር። ስንዴው ለማን እንደሆነ እስካሁን አልገባትም።

ይህ የሆነው የይዞታ ደብተሯ በስሟ ሆኖ ነው። የአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ሲጀምር ባልና ሚስት ሁለቱም ስማቸውም ፎቶግራፋቸውም በደብተሩ ላይ እንዲሆን ተደርጓል። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱም እዚሁ ጎዛምን ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ ደብተሩን ከነጠላዋ ጋር በሣጥን ታስቀምጠዋለች። ደብተሩ ላይ ያለ ፎቶ ግን ስብሰባ ላይ አይናገርም።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን እላለሁ። አንደኛ ጥሪው በደብተር ይሁን፤ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ይጠራ። ደግሞ ቀኑ ይታሰብበት። በ12፣ በ21፣ በ27፣ በ29 በእኛ አገር ሞፈር አይነሣም። ሰው ቤተ ክርስቲያን ውሎ ይመለሳል፤ ሴቱም ወንዱም በአንድ ቦታ ይገኛል። ለምን በሰኔ በሥራ ቀን ይጠራል? ሴቶች በአደባባይ ካልተናገሩ ደግሞ ለብቻቸው ይጠየቁ፤ እናቴ በቡና ላይ የምትናገረው ቢጻፍ ሁለት ቃለ ጉባኤ ይሞላል።


ሕግ አዋቂ (ባሕር ዳር)
ጥር 23

በጥሞና ነው ያነበብኩት። ወገኖቼ፣ የጎደለን ሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 89 ደግሞ የልማት ፖሊሲ ሲነደፍ ሕዝቡን ማሳተፍ የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አስቀድሞ ማወያየትን ያዝዛል። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻው የፌዴራል ተቋማትን ነው የሚመለከተው፤ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን አያስርም። የእኛ ገበሬ በየቀኑ የሚገናኘው ደግሞ ከእነሱ ጋር ነው። ቀዳዳው እዚህ አለ።

አሁን ጸሐፊው ወዳነሣው ልምጣ። ተወካይ የሚጠይቀው በመረጃ ነው። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ቋሚ ኮሚቴው ሚኒስቴሩን ጠርቶ ሪፖርት ያደምጣል። ሪፖርቱ የሚኒስቴሩ ነው። ኮሚቴው በእጁ ሌላ ወረቀት ከሌለው የሚጠይቀው ከዚያው ከሪፖርቱ ውስጥ አንብቦ ነው፤ ተመርማሪው የሰጠውን ይዞ ተመርማሪውን መመርመር ይሆናል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት ሲቀርብ ጥያቄው የሚጠነክረው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛ ምንጭ አለ። የገበሬው ቃለ ጉባኤ ሦስተኛ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሁኔታው ከተጻፈ።

ሌላው የጊዜ ሰሌዳው ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። ማዳበሪያና ዘር የሚያስጮኸው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። ገበሬው አፉን ሞልቶ ሲጮኽ ምክር ቤቱ በጀት አጽድቆ ሊበተን ነው፤ ሲመለስ አዝመራው አልፎ ጉዳዩ «ያለፈው ዓመት» ሆኗል። በመካከል ግን የአንድ ወር ዕረፍት አለ፤ በተለምዶ የካቲት ላይ ነው፤ ተወካዮችም ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመጣሉ። የካቲት እህሉ ተወቅቶ ጎተራ የገባበት፣ ገበሬው ጊዜ ያለው፣ የመጪው ክረምት ግብዓትም ገና መንገድ ላይ ያለበት ወር ነው። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚባለው ለዚህ ነው።

ለየትኛው ዳኛ እንደሚነገርም ይለይ። ማዳበሪያ ግዢ የፌዴራል ነው። የመሬት አስተዳደሩን ክልሉ ነው የሚያስፈጽመው፤ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው፤ ጥያቄው ለክልሉ ምክር ቤት ይቅረብ። የማሠልጠኛ ግቢውና የባለሙያው ነገር የወረዳ ምክር ቤት ነው። ሁሉን ለሁሉ መናገር ለማንም አለመናገር ነው።


የፋግታ ሰው
ጥር 24

ከአዊ አጭር ነገር ልጨምር። በእኛ ወረዳ አሲዳማ ሆኖ እህል እንቢ ያለ መሬት ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለ፤ ከሰል አክስሎ አዲስ አበባ ሸጠ፤ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ከቆረጠ በኋላም በዚያው መሬት ጤፍ ዘራ። በስብሰባ አልተወሰነም፤ ኩታ ገጠም ያደረገውም የለም። ከዚያ በሽታ ገባበትና ችግኙ ይደርቅ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው ተመካክሮ የሚጠይቅለት ያጣው፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ያልነበረ ነገር በሪፖርትም ውስጥ የለም። ውይይቱ መንግሥት ባመጣው አጀንዳ ላይ ብቻ ከሆነ ገበሬው ራሱ ያመጣው ነገር መቼም አይነሣም። «ሌላ ያላችሁት ካለ» የሚለው የመጨረሻው አጀንዳ ወደ መጀመሪያው ቢመጣ እወዳለሁ።


ሽበት
ጥር 25

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው።

ስለ ስብሰባ ጥሩነት ስትናገሩ ዝም ብዬ ሰነበትኩ። በ1989 መሬት ሲደለደል እኔ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለነበርኩ «ቢሮክራት» ተባልኩ። ለሌላው እስከ 12 ጥማድ ሲፈቀድ ለእኔ ዓይነቱ ከአራት ጥማድ አይበልጥም ተባለ። ይህ በድብቅ አልተደረገም። በስብሰባ ነው። ስሜ በተሰብሳቢ ፊት ተነበበ። «ቅሬታ ያለው?» ተባለ። ማን ይናገራል? የተናገረ እሱም ቢሮክራት ይባላል። ጎረቤቴ፣ አበ ልጄ፣ መሬት መሬት አየ። ከእኛ ብዙዎች እስከ አዲስ አበባ ሄደን አቤት አልን። የሚሰማ አላገኘንም።

ስለዚህ ስብሰባ ስለተደረገ ሕዝብ ተናገረ አትበሉ። ስብሰባ ሰውን ዝም ማሰኛም ይሆናል። ተናጋሪው ከፍርሃት ነጻ ካልሆነ ቃለ ጉባኤው ምን ይጠቅማል?


ሕግ አዋቂ (ባሕር ዳር)
ጥር 25

አባታችን፣ ስለ ነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ ላክል። ድልድሉ የተካሄደው በክልሉ አዋጅ በ1989 በጋ ነው። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 89/1989 የወጣው ግን በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የፌዴራሉ ምክር ቤት ማዕቀፉን ሲያወጣ መሬቱ ተከፋፍሎ አልቋል። መመርመሪያው ሕግ ከድርጊቱ በኋላ መጣ።


የጎዛምን ሴት
ጥር 25

አባቴ፣ እንዳላስከፋዎት እየፈራሁ ነው የምጽፈው። እናቴ ዛሬ የያዘችው መሬት የተገኘው በዚያው ድልድል ነው። ከዚያ በፊት በስሟ አንድ ጥማድ አልነበራትም። የእርስዎ ላይ የደረሰው ግፍ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ያ ባይደረግ እኛ ምን እንበላ ነበር?


ሽበት
ጥር 26

ልጄ፣ አላስከፋሽኝም። ለእናትሽ መሰጠቱ አይቆጨኝም፤ ሴት ልጅ መሬት ይገባታል። «ለእነዚህ መሬት የለሾች ከአንተ ላይ እንቀንስ፤ አንተ የምትለው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ከሰባቱ ልጆቼ ለስንቱ እንደማወርሰው ነግሬ፣ የትኛው ቁራሽ ቢሄድ እንደሚሻል አሳይቼ እሰጥ ነበር። ከውሃ ዳር ያለውን ወሰዱ። ለተሰጠውም ሰው አልጠቀመ፤ የሦስት ሰው ሆኖ ተቆራረሰ። እኔን ቢጠይቁኝ ለእሱም ይሻለው ነበር። የማዝነው በዚህ ነው።


የመራዊ ልጅ
ጥር 27

የአባታችንን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ስላለንበት ሁኔታም እንናገር። ባለፉት ዓመታት በጎጃም የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስብሰባ ላይ የታየ ሰው «ለማን ተሰበሰብክ?» ተብሎ በአንዱም በሌላውም ወገን ይጠየቃል። ጸሐፊው ሰዉ የተናገረው በስሙ ይጻፍ የምትል ከሆነ፣ ያንን ደብተር ነገ ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ አስበሃል? መንገድ የተዘጋበት፣ ባለሙያ የሌለበት ቀበሌ አለ። በዚህ ላይ ነው ስለ ቋሚ ኮሚቴ የምናወራው።


ጸሐፊው (ደብረ ማርቆስ)
ጥር 27

ልክ ብለሃል። በሐሳቤ የነበረው የተናጋሪው ስም እንዲጻፍ ነበር፤ አንተና አባታችን አሳሰባችሁኝ። ስም አይጻፍ። የተነገረው ቃል፣ የስንት ሰው ሐሳብ እንደሆነ በእጅ ተቆጥሮ፣ ከየትኛው ጎጥ እንደሆነ ይጻፍ። «ከላይኛው ጎጥ 31 ሰዎች የኖራ አቅርቦት ሳይኖር ስንዴ መዝራትን ተቃውመዋል፤ አልተመለሰላቸውም» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንንም አያስይዝም፤ ሚኒስትርን ግን ያስጠይቃል። «ማብራሪያ ተሰጥቷል» የሚለውን ቃል ደግሞ ጨርሶ እንተወው። ምን ተብሎ ማብራሪያ እንደተሰጠ ይጻፍ። «በሂደት ይፈታል» ከተባለ «በሂደት ይፈታል ተብሏል፤ ቀን አልተቆረጠም» ተብሎ ይጻፍ። ከመፈረሙም በፊት ጮክ ተብሎ ለተሰብሳቢው ይነበብ። እኔ በስምንት ዓመት አንድ ቀን አንብቤላቸው አላውቅም።

ስብሰባ ማድረግ በማይቻልበት ቦታ ግድ አይሁን። እድር አለ፣ ሰንበቴ አለ። ሰው እዚያ የሚለው ይታወቃል።


አዲሱ ባለሙያ (ከደጀን በኩል)
ጥር 28

ጋሼ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በየካቲት 21፣ በማርያም ቀን፣ በቀበሌያችን ስብሰባ አለን፤ አንጻራዊ ሰላም ስላለ ሰው ይመጣል ብዬ አስባለሁ። ከየቤቱ አንድ ሰው የሚለውን ትቼ በይዞታ ደብተሩ እጠራለሁ። የተቃወሙትን ቁጥር ብጽፍ አለቃዬ አይከፋም ትላለህ?


ጸሐፊው (ደብረ ማርቆስ)
ጥር 28

ይከፋ ይሆናል። መጀመሪያ ለእሱ አስረዳው፤ ቁጥሩ እሱን ከላይ ከሚመጣ ጥያቄም እንደሚጠብቀው ንገረው። «ነግሬአችኋለሁ» ለማለት የሚያስችለው ያ ወረቀት ነው። ሦስት ቅጂ አድርግ፤ አንዱን ለወረዳ ምክር ቤት፣ አንዱን ለተወካዩ፣ አንዱን ቀበሌው ያስቀር።


አዲሱ ባለሙያ (ከደጀን በኩል)
የካቲት 22

ትናንት ስብሰባው ተደረገ። 64 ሰው መጣ፤ ከእነዚህ 23ቱ ሴቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር እዚህ አይቼ አላውቅም። «ሌላ ያላችሁት» የሚለውን የፋግታው ወንድማችን እንዳለው ከፊት አደረግነው። ግማሹ ጊዜ ያለቀው እኛ ባላሰብነው በአንበጣ በር መንገድ ላይ ነው፤ ድልድዩ ስለፈረሰ ኖራ የጫነ መኪና ከወንዙ ማዶ ይቀራል። ቃለ ጉባኤው ሦስት ገጽ ሆነ።

ከመፈረማቸው በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «የኖራ አቅርቦት በቂ ባለመሆኑ» የሚለው ላይ ስደርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አስቆሙኝ። «ልጄ፣ በቂ አይደለም ማለት ትንሽ መጥቷል ማለት ነው። እኛ ዘንድ አልመጣም። አልመጣም ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

ሰረዝኩና «አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈረሙ።